አንድ ተውኔት ጨረስኩ፤ በ48 ሰዓት

ሦስት ዓመት ሙሉ «ተውኔት እየጻፍኩ ነው» ስል ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ስጽፍ የኖርኩት የመጀመሪያውን ትዕይንት ብቻ ነው፤ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ ደግሞ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዱን ከዳር አደረስኩት። 19 ገጽ ነው። ግማሹ አይረባም፤ ቢሆንም መጋረጃው ይዘጋል።

መላውን ያገኘሁት ከአሜሪካዊቷ ጸሐፌ ተውኔት ከፖላ ቮግል ነው። ከ1984 እስከ 2008 (እ.አ.አ.) በብራውን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በዬል አስተምራለች፤ በ1998 ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት በተውኔት አግኝታለች። ከተማሪዎቿ ኒሎ ክሩዝ፣ ሊን ኖቴጅና ኪያራ አሌግሪያ ሁደስ ይህንኑ ሽልማት ወስደዋል፤ ኖቴጅማ ሁለት ጊዜ። የቮግል የራሷ ሥራ የኒው ዮርክ ታላላቅ ቲያትር ቤቶች ወዳሉበት ብሮድዌይ የደረሰው ግን በ2017፣ በ65 ዓመቷ ነው። (እኔ በ34 ዓመቴ ረፈደብኝ እላለሁ!)

ልምምዷ «ቤክ ኦፍ» ይባላል፤ የመጋገር ውድድር እንደማለት። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ግብዓት ይሰጠዋል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ተውኔት ጽፎ ይመጣል፣ ከዚያ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ሞከርነው። ግብዓቶቻችን አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ ማንም የማያነሳው ስልክና የሚዋሽ ሽማግሌ ነበሩ።

ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ጀመርን። ቅዳሜ ጠዋት የለመደብኝ አመል ተነሳ፤ ገጽ 1ን ማረም። ሰዓቱ እየሮጠ ስለነበር ትቼው አለፍኩ። ሦስት ዓመት ያቃተኝ ነገር ይህች ብቻ ነበረች።

እሑድ ማታ ሲነበብ ሽማግሌዬ እንደ ዜና አንባቢ ያወራል፤ አፈርኩ። ስልኩ ሲጮህ ሽማግሌው ዝም የሚልበት ቦታ ላይ ግን ሁለቱም ሳቁ፤ አስቤው አልነበረም። የአንዷ ጓደኛዬ ጀበና ደግሞ እስከ መጨረሻው አንድ ስኒ ሳይቀዳ ቀረ፤ ሁላችንም ቡናውን ስንጠብቅ ተውኔቱ አለቀ። ቀናሁባት።

ከዚያ «ሽማግሌው ለምን ይዋሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ላይ የቮግል «ዘ ባልቲሞር ዋልትዝ» የተባለ ተውኔት ትዝ አለኝ። ወንድሟ ካርል በ1986 አውሮፓን አብረን እንይ ሲላት አልሄደችም፤ በ1988 በኤድስ ሞተ። እሷም ያልሄዱትን ጉዞ ጻፈችው፤ በሽታውን ለእህትየዋ ሰጥታ፣ ያውም እያሳቀች።

አሁን ገጽ 3ን እንደገና እየጻፍኩ ነው። የሚደውለው የሽማግሌው ልጅ ነው፤ ሽማግሌው ግን ለጎረቤቱ «የተሳሳተ ቁጥር ነው» ይላል።