የጁባው የዱቤ መዝገብ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ቡና እያፈላሁ ቀኑ ትዝ አለኝ። ሐምሌ 2። ለአዲስ አበባ ሰው ተራ የክረምት ቀን ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ የታክሲ ሰልፍ። እኔ ግን በየዓመቱ በዚህ ቀን ሆዴ ይባባል።

የዛሬ 14 ዓመት፣ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ስታውጅ ጁባ ነበርኩ። ከሄድኩ ገና ሁለት ወሬ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ የሐበሻ ልጅ እንጀራውን ፍለጋ ወደ ጁባ ይሄዳል። ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ የውሃ ቦቴ፣ የትም ብትሄዱ የእኛን ልጆችና ኤርትራውያንን ታገኛላችሁ። እኔም በነጭ አባይ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ካሸር ሆኜ ገባሁ። ግቢው ውስጥ የኮንቴይነር ክፍሎች ተደርድረዋል፣ መሃል ላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፣ ከኋላ ጄኔሬተር ቀን ከሌት ይጮሃል። የመንግሥት ሰዎችም እዚያው ያድራሉ፣ እዚያው ይበላሉ። ከተማው ውስጥ ለሁሉም የሚበቃ ቤት አልነበረማ።

ዋዜማው ሌሊት ማንም አልተኛም። ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ከተማው በመኪና ጥሩምባ፣ በከበሮና በእልልታ ተናወጠ። የጽዳት ሠራተኛችን ሦስት ወንድሞቿን በጦርነቱ ያጣች ሴት ናት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳችና እስኪነጋ ጨፈረች። በዚያው ዓመት ጥር ወር በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 98.83 ያህሉ ለምን ነጻነትን እንደመረጠ ለእኔ ያን ሌሊት ነው የገባኝ።

ሰኞ ዕለት ደግሞ ሥራ ተጀመረ።

ከደንበኞቻችን አንዱን እዚህ ላይ ጋሼ ብቻ ልበለው። ያን ጊዜም የምጠራው እንደዚያ ነበር። መጀመሪያ ቀን ወደ ካሸር መስኮቱ መጣና በጠራ አማርኛ፣ “እንደምን አደርሽ እህቴ፣ ሻይ በዱቤ ይቻላል?” አለኝ። ደነገጥኩ። ያደገው ጋምቤላ፣ ኢታንግ ካምፕ ነው። በደርግ ጊዜ የነጻ አውጪው ጦር፣ የኤስፒኤልኤ፣ ደጀን ኢትዮጵያ ነበረች። እሱም ፊደል የቆጠረው፣ ተኩስም የተማረው እዚያ ነው። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ካምፑ ባዶ ሆነ። ያ ሁሉ ሕዝብ በእግሩ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጦርነቱ ተመለሰ። እሱም አብሮ ሄደ። ከ20 ዓመት በኋላ በአንድ ሚኒስቴር ውስጥ የመምሪያ ኃላፊ ተባለ።

ቢሮውን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያልተከፈለ ሒሳብ ላስፈርም ሄጄ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የነጻ አውጪው ጦር መሪ የነበረው የጆን ጋራንግ ፎቶ። መብራት የለም። ጠረጴዛው ላይ የተከመረው የደብዳቤ ወረቀት ራስጌው ላይ ገና የድሮውን ራስ ገዝ አስተዳደር ስም ይዟል። ጋሼ እያንዳንዷን ወረቀት እያነሳ የድሮውን ስም በእስክሪብቶ ይሰርዛል፣ ከላይ “ሪፐብሊክ” ብሎ ይጽፋል። ቀስ ብሎ፣ መስመሩ እንዳይጣመም እየተጠነቀቀ። ስለ አዲስ መንግሥት ሲወራ እስከ ዛሬ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ እጁ ነው።

እሱ ጎን የሚቀመጥ ሌላ ሰውዬ ነበር። ካርቱም ውስጥ ዕድሜ ልኩን በመንግሥት ጸሐፊነት የሠራ። ፋይል እንዴት እንደሚከፈት፣ ደብዳቤ እንዴት ቁጥር እንደሚሰጠው፣ የቱ ወረቀት ለማን እንደሚሄድ አሳምሮ ያውቃል። ግን የሚያውቀው በዐረብኛ ነው። አዲሲቷ ሀገር ደግሞ የሥራ ቋንቋዬ እንግሊዝኛ ነው ብላለች። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ዐረብኛ ለብዙዎቹ የካርቱም ጫና ምልክት ነበር። ሰውዬው ግን በአንድ ሌሊት መሃይም ሆኖ አደረ። ማታ ማታ የእንግሊዝኛ ደብዳቤውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። የእኔ እንግሊዝኛ የ12ኛ ክፍል ነው። ሁለታችን አንድ መዝገበ ቃላት ላይ አቀርቅረን አንዲት ደብዳቤ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጅብናል።

ከናይሮቢና ከአሜሪካ የተመለሱት ደግሞ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ኮምፒውተሩን ያውቃሉ፣ አሠራሩን ግን አያውቁትም። ከጫካ የመጡት ሥልጣኑ አላቸው። ሦስቱም አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው በጎሪጥ ይተያያሉ። “እኛ ስንዋጋ እናንተ የት ነበራችሁ?” የምትለዋን ነገር ስንት ጊዜ ሰማኋት! ከ1983 በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይቺን ጥያቄ ያውቃታል።

“ደቡብ ሱዳኖች ራሳቸውን ማስተዳደር አይችሉም” የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ምን ተረከቡ? ከፈረንሳይ የማታንስ ሀገር፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚወስድ አስፋልት የሌላት። ማንበብና መጻፍ የሚችለው አዋቂ ከመቶ 27 ገደማ። የጁባ ሰው ውሃ የሚያገኘው ከአባይ እየቀዳ ከሚያዞር ቦቴ ነው። ከሀያ ዓመት በላይ ከተዋጋ ሕዝብ መሃል ሚኒስትር፣ ዳኛ፣ ኦዲተር፣ መምህር ባንዴ ከየት ይመጣል? ጋራንግ እንኳ አልቀረላቸውም። ከካርቱም ጋር የተደረገው የሰላም ስምምነት በተፈረመ በሰባተኛው ወር፣ ሐምሌ 1997 ላይ፣ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። ፎቶው ከብሩ ላይም ከግድግዳውም አልወረደም፤ ሰውዬው ግን የለም።

ለእኔ እንደገባኝ ትልቁ ችግር ያለው ደሞዝ ላይ ነበር። ያየሁት ከካሸር መስኮት ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ግን ልንገራችሁ።

በ1998 ጋራንግን የተካው ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በየአካባቢው ሲዋጉ የነበሩትን ሚሊሻዎች ወደ ጦሩ አስገባቸው። የጁባ መግለጫ የሚባለው ነው። ትናንት ካርቱም እያስታጠቀቻቸው ኤስፒኤልኤን ሲወጉ የነበሩ ሰዎች ማዕረግና ደሞዝ ተሰጣቸው። ለዚህ አልወቅሰውም። ያኔ ባያስገባቸው ኖሮ ሕዝበ ውሳኔውም ባልተደረገ ነበር። ግን አንድ ነገር ተለመደ። ያመፀ ጄኔራል ከነወታደሩ ይገባል፣ ደሞዝ ይቆረጥለታል። ያን ያየ ሌላው ደግሞ ነገ ያምፃል። የስም ዝርዝሩ ይረዝማል። ዝርዝሩ ላይ ካሉት ውስጥ ደግሞ ስንቱ ሞቷል፣ ስንቱ ጭራሹን አልተወለደም። ይህን በየሻይ ጠረጴዛው ያወሩት ነበር። አንድ የጦር መኮንን ደሞዝ በወጣ ቁጥር በጥቁር ፌስታል ብር ይዞ ይመጣና የሃምሳ ሰው ራት ይከፍላል። የሚበሉት ግን አስር ናቸው።

እና ያ ሁሉ ገንዘብ ከየት ነው? ከነዳጅ። የመንግሥት ገቢ ከመቶ 98 ያህሉ ነዳጅ ነበር። ነዳጁ ከደቡብ ይወጣል፣ ቧንቧው በሰሜን አልፎ ፖርት ሱዳን ይደርሳል። ሱዳን ለማሳለፊያ በበርሜል ከ30 ዶላር በላይ ጠየቀች። ደቡብ 1 ዶላር እንኳ የማይሞላ አቀረበች። ሱዳን የእነሱን ነዳጅ እየቀነሰች መውሰድ ስትጀምር፣ በጥር 2004 ጁባ ጉድጓዶቹን ዘጋች። በቀን ወደ 350 ሺህ በርሜል ነዳጅ ቆመ። ነጻ ከወጡ ገና ሰባተኛ ወራቸው ነው።

ያን ቀን ሆቴሉ ውስጥ ጭብጨባ ነበር። “ጫካ ቅጠል በልተን ኖረናል፣ ነዳጅ አያስፈራራንም” አለ አንዱ። ኩራቱን አይቼ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ከሁለት ወር በኋላ የዱቤ መዝገቡ ሞልቶ ሁለተኛ ደብተር ከፈትኩ። ግንቦት ላይ ሦስተኛ። ሐኪሙ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ሁሉም “ደሞዝ ሲወጣ” እያለ ይፈርማል። ጋሼ እያንዳንዷን ሻይ ራሱ ይጽፍ ነበር፤ ቀን፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ ፊርማ። ሌላው ዝም ብሎ ይጭራል። እሱ ግን በኢታንጉ የእጅ ጽሑፍ፣ እንደ ተማሪ ደብተር አሳምሮ።

በዚያው ግንቦት ነው ፕሬዚዳንቱ ከ75 ለሚበልጡ የአሁንና የቀድሞ ባለሥልጣናት ደብዳቤ መጻፉ የተሰማው። 4 ቢሊዮን ዶላር ጠፍቷል፣ የወሰዳችሁትን መልሱ የሚል። ሥልጣን ስንይዝ የታገልንለትን ረሳነው ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። ጋሼ ዜናውን ሲሰማ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። “እህቴ፣ እኔ የ3 ፓውንድ ሻይ እጽፋለሁ” አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ነዳጁን ለማስከፈት የተደረሰው ስምምነት የተፈረመው አዲስ አበባ ነው፤ መስከረም 17 ቀን 2005፣ የመስቀል ዕለት። ጁባ ያለን ሐበሾች ደመራ ለኩሰን ነበር፤ ዜናውን ስንሰማ የሀገሩ ሰዎችም መጥተው አብረውን ጨፈሩ። ነዳጁ እንደገና የፈሰሰው ግን ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ደሞዝም ወጣ። እኔም አበቃ፣ ከዚህ በኋላ ይስተካከላል ብዬ ነበር።

አልተስተካከለም። በሐምሌ ፕሬዚዳንቱ ምክትሉን ሪየክ ማቻርን ከነመላው ካቢኔ አሰናበተ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006፣ እሑድ ማታ፣ ተኩስ ተጀመረ። የክብር ዘቡ እርስ በርሱ ነው የተታኮሰው። ያ የደሞዝ ዝርዝር አንድ ጦር አድርጓቸው እንዳልነበር ያኔ ታየ። በማግስቱ ጦርነቱ ወደ ሰፈር ወረደ። የማቻር ጎሣ፣ ኑዌር፣ የሆነ ሰው በየቤቱ እየተፈለገ ተገደለ። ጋሼ ኑዌር ነው። ከልጆቹ ጋር ቶንግፒኒ ወዳለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ እየሮጠ እንደገባ ሰማሁ። ያን የካርቱም ሰውዬ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እኔ በአውቶቡስ ወጣሁ፤ በኒሙሌ በኩል ወደ ኡጋንዳ። 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያው። በአሜሪካ እርዳታ ተሠርቶ ካለቀ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ዕቃ እንዲገባበት ነው የተሠራው። እኛ ግን ፍራሽና ልጅ ተሸክመን ወጣንበት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዜና የምከታተለው ከሩቅ ነው። ክልሎቹ 10 ነበሩ፣ በአዋጅ 28 ሆኑ፣ ከዚያ 32፣ ከዚያ ተመልሰው 10። ዋና ከተማውን ወደ ራምሲየል እናዛውራለን ተብሎ ነበር፤ ቀረ። መስከረም 2 ቀን 2011 ኪርና ማቻር አዲስ አበባ ላይ እንደገና የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ፤ የአንድነት መንግሥቱ ለመመሥረት የካቲት 2012 ደረሰ። ምርጫው ስንቴ ተላለፈ፣ አሁን ለታኅሣሥ 2019 ተቀጥሯል። ቋሚ ሕገ መንግሥት የለም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሕዝብ አልተቆጠረም። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ማቻር ከቤት እንዳይወጣ ተደረገ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሁለቱ ሰዎች ጠብ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን መዝገቡ ነው። ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን እንደሚሠራ፣ ማን ስንት እንደወሰደ የሚጻፍበት፣ የተጻፈውም የሚጠየቅበት ቦታ። ለዚያ ጋሼን የመሰለ ሰው ነበራቸው። እሱን ከነቤተሰቡ አሳደዱት።

አንዲት ትንሽ ብር አለችኝ። ሐምሌ 11 ቀን 2003 አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ጋሼ ከባንክ ሰልፍ ቀጥታ ወደ እኔ መጥቶ የሰጠኝ ባለ 1 ፓውንድ ናት፣ የጋራንግ ምስል ያለባት። “ለመታሰቢያ” ነው ያለኝ። ያኔ ሦስቱ 1 ዶላር ያመጡ ነበር። አሁን 1 ዶላር ለማግኘት ከ4 ሺህ በላይ ያስፈልጋል። መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ናት፣ አልተጨማደደችም።

ዛሬ ከሰዓት ደወለ። በየዓመቱ ሐምሌ 2 ይደውላል። ያለው ጋምቤላ ነው፣ ካምፕ ውስጥ፣ ካደገበት ኢታንግ ብዙም ሳይርቅ። ድንኳን ሥር ልጆች ያስተምራል። እንኳን አደረሰህ ልበለው አልበለው ግራ ገብቶኝ ዝም ስል፣ እሱ ራሱ “እንኳን አደረሰን እህቴ” አለኝ። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት። ትልቋ አሥረኛ ክፍል ናት።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ያ ደብተር አለ? የእኔ ሒሳብ ስንት ላይ ቆሞ ነበር?” አለኝ።

ተወው ጋሼ፣ ሆቴሉም ተዘግቷል አልኩት። “አይ፣ ንገሪኝ” አለ።

ሦስተኛውን ደብተር ይዤ ነው የወጣሁት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ከቁም ሳጥን አውጥቼ ገጹን ፈለግሁ። በእሱ እጅ ጽሑፍ፣ የመጨረሻዋ መስመር ታኅሣሥ 4፣ ሁለት ሻይ። ድምሩን ደመርኩት። 1 ሺህ 146 ፓውንድ።

“ቆይ” አለኝ፣ “እስክሪብቶ ላምጣ።”