ሞምባሳ ለመኖር ስትመጡ መጀመሪያ ቧንቧውን ቅመሱ

ከናይሮቢ የአምስት ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ባቡሩ ሚሪቲኒ ጣቢያ ይቆማል። በሩ ሲከፈት ባሕሩ አይታይም፤ አየሩ ግን ወዲያው ይሰማል። ሞቃት ነው፣ ልብስ ላይ ይለጠፋል፣ ጨው ጨው ይላል። ለሦስት ቀን የመጣ እንግዳ ይህን አየር ይወደዋል። ቤት ተከራይቶ ለመኖር የመጣ ሰው ግን የበሩን ማጠፊያ የሚያዝገው፣ ጫማውን የሚያሻግተው ይኸው አየር መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ሰፈር ከመምረጣችሁ በፊት የከተማዋን አቀማመጥ እወቁ። መሃሏ ደሴት ናት፤ ወደቡ፣ መሥሪያ ቤቶቹ፣ አሮጌው ከተማና ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የሠሩት ምሽግ ፎርት ጂሰስ እዚያ ናቸው። በሰሜን የኒያሊን ድልድይ ሲሻገሩ ኒያሊና ባምቡሪ ይገኛሉ። በደቡብ ሊኮኒ አለ፣ ከእሱ ዘልቆ ደግሞ ዲያኒ። አሸዋው በዲያኒ ይበልጥ ያምራል፤ ነገር ግን ከደቡብ ወደ ደሴቷ በአጭሩ የሚያሻግረው የሊኮኒ ጀልባ ነው። እግረኛ በነጻ ይሻገራል፣ መኪና ይከፍላል፤ ጠዋትና ማታ ሰልፉ ረጅም ነው፣ አንድ ጀልባ ከተበላሸ ደግሞ ይብስበታል። በዶንጎ ኩንዱ በኩል የተሠራው መንገድ ጀልባውን ቢያስቀርም ዙሪያው ሩቅ ነው። ስለዚህ ደሴቷ ላይ በየቀኑ ሥራ የሚገባ ሰው በሰሜን በኩል ቢኖር ይሻለዋል እላለሁ። ዲያኒ ደግሞ ከቤቱ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ትስማማለች።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ደላላው በቀጥታ ወደ በረንዳው ወስዶ ባሕሩን ያሳያችኋል። እናንተ ግን ወደ ኩሽና ሂዱና ቧንቧውን ከፍታችሁ በጣታችሁ ቅመሱ። የከተማዋ ንጹሕ ውሃ የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ አንዱ ምንጭ ጻቮ ፓርክ ውስጥ ያለው ምዚማ ሲሆን ቧንቧው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። በየቀኑ አይመጣም። ክፍተቱን ብዙ ቤቶች በጉድጓድ ውሃ ይሞሉታል፤ ባሕሩ አጠገብ የተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ ጨዋማ ነው። የኩሽናው ቧንቧ ከአንድ ጋን (የውሃ ማጠራቀሚያ)፣ የመታጠቢያው ከሌላ ጋን ሊቀዳ ስለሚችል ሁለቱንም ቅመሱ። የሻወሩ ራስ ላይ ነጭ ቅርፊት ካለ መልሱ እዚያው ነው። የጋኑን መጠንም ጠይቁ፦ አንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ይጠቀማል ብላችሁ ብታስቡ፣ 1,000 ሊትር ለሦስት ሰው ከሦስት ቀን ብዙ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ውሃ በቦቴ መግዛት ነው።

ጨዋማው ውሃ ጣዕሙን ብቻ አይደለም የሚያበላሸው። ብዙ ቤቶች ውሃ የሚያሞቁት ሻወሩ ራስ ላይ በተገጠመ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። በተለመደው ዓይነት የማሞቂያው ሽቦ ራቁቱን ውሃው ውስጥ ይቀመጣል። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም፤ ጨዋማ ውሃ ግን ያስተላልፋል፤ ስለዚህ እጅን ይነዝራል ወይም ቆጣሪው ላይ ያለው ማቋረጫ ይወድቃል። ሽቦውም ቶሎ ይበላል። ለጨዋማ ውሃ ተብሎ ሽቦው የተሸፈነበት ሻወር ለብቻው ይሸጣል። ቤቱ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ፣ የመሬት ሽቦውም መታሰሩን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳታስዩ አትታጠቡበት። ይህን አጥብቄ የምለው የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ባሕር ፊት ለፊት ያለ ቤት ውድ ነው፤ ዝገቱም እዚያ ይበረታል። ነፋሱ የጨው ብናኝ እየያዘ ይመጣና የፍሪጅ ጀርባ፣ የበር ማጠፊያ፣ ከውጭ የተሰቀለው የኤሲ ክፍል ላይ ያርፋል። ኤሲውን አጥፍታችሁ የውጩን ክፍል በየጊዜው በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ማጠፊያዎቹን ዘይት መቀባት ዕድሜያቸውን ያስረዝመዋል። ሁለትና ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ የገባ፣ ነፋስ በሁለት በኩል የሚያሳልፍ ቤት ለእኔ ከባሕር እይታ ይበልጣል። ቁም ሳጥን ከግድግዳ አራት ጣት ያህል ይራቅ፤ የቆዳ ጫማና ቀበቶ ተዘግቶበት ከከረመ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል።

የመብራት ቆጣሪው ብዙ ጊዜ ቅድመ ክፍያ ነው፤ 20 አሃዝ ያለው ቁጥር ተገዝቶ ይሞላል። ቆጣሪው የእናንተ ብቻ መሆኑን ጠይቁ። ኪራይም፣ መብራትም፣ የቦቴ ውሃም የሚከፈለው በስልክ ገንዘብ መላኪያው በኤም ፔሳ ስለሆነ በፓስፖርት ሲም ካርድ ማስመዝገብ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው።

ወረቀቱን በአጭሩ ልበል። ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ የውጭ ዜጋ ይመዘገባል፤ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በጎብኚነት ገብቶ መቀጠር አይቻልም። በዓመት 183 ቀን የቆየ ሰው ለግብር እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። መሬትን በተመለከተ የኬንያ የ2010 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሕገ መንግሥት ለውጭ ዜጋ የሚፈቅደው ሊዝ ብቻ ነው፣ ቢበዛ ለ99 ዓመት። «የዘላለም ይዞታ እሸጥላችኋለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ከዚያው ተመለሱ። ፕላስቲክ ከረጢት በዚያው አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ሻንጣችሁን ስታስሩ አውጡት።

ያው ሕገ መንግሥት ግን ለነዋሪው ትልቅ ስጦታም ይዟል፦ ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበትና ሲሸሽ ከሚቆምበት መስመር መካከል ያለው መሬት የሕዝብ ነው። ሆቴሎች ግቢያቸውን እንጂ ያን አሸዋ መዝጋት አይችሉም። ከሥራ በኋላ ያለ ክፍያ አንድ ሰዓት በባዶ እግር መሄድ በየት ከተማ ይገኛል!

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ከ3 ሜትር ያልፋል። ለመዋኘት ሲሞላ፣ ለመራመድ ሲሸሽ ውጡ። ውሃው በሸሸበት የኮራል አለት ላይ እሾሃም የባሕር ጃርቶች ስላሉ የጎማ ጫማ አድርጉ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ባሕሩ ይረጋል፤ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ሲመጣ ማዕበሉ ይነሣል።

ወባ አለ። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ሰውነቱ አልለመደውም፤ አጎበር ይጠቀም፣ ሲያተኩሰው ማስታገሻ ውጦ ከመተኛት በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር።

ሰዉ ረጋ ያለ ነው፤ ታላቅን «ሺካሞ» ብሎ ሰላም ያለ እንግዳ በሩ ይከፈትለታል፤ መልሱ «ማራሃባ» ነው። ሰዓት አቆጣጠራቸው ደግሞ የእኛው ነው፦ «ሳ ሞጃ» ማለት ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። የባቡር ቲኬት ላይ የተጻፈው ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ እሱን ለዩ።

ቤት ለማየት ብዙዎች የሚመጡት ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ያኔ ሁሉም ቤት ደረቅ ነው፣ ኪራዩም ጣሪያ ይነካል። ትልቁ ዝናብ በሚዘንብበት በሚያዝያና በግንቦት ኑ። ጣሪያው የሚያፈሰው የቱ ጋ እንደሆነ፣ መንገዱ ውሃ የሚይዘው እስከ የት እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ባለቤቱም ያን ጊዜ ለመነጋገር ይቀለዋል።