22 ቁጥር

ሚጣ የቆመችው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ቡና እየተቆላ። የሶፋውን ጠርዝ ይዛ ስትንገዳገድ ቆየችና እጇን ለቀቀች። እማዬ መቁያውን ከነቡናው ትታ ማጨብጨብ ጀመረች። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ሚጣም ጭብጨባው ደስ ብሏት እሷም ላጨብጭብ ስትል ዘጭ አለች። ዳይፐሯ አዳናት። ቡናው ግን አረረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማዬ ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ። «ጫማ መቼ ነው የምትገዢላት?»

ጫማ እንኳ ነበራት። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የክርስትና እናቷ ያመጣችላት፣ ነጭ፣ ቢራቢሮ ያለበት። መሬት ሳይነካ ጠበባት። ፎቶ ለመነሻ ካልሆነ በቀር ጫማ አይባልም።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ አንድ ቡቲክ ገባሁ። የሕፃን ጫማ እኮ አንጀት ይበላል። መዳፌን የማይሞላ ነገር ማሰሪያው፣ ኪሱ፣ ዚፑ ሁሉ ተሟልቶለት ተደርድሯል። ሻጩ ዕድሜዋን ጠየቀኝ እንጂ የእግሯን ልክ አልጠየቀኝም። «ዓመት ከሁለት ወር» አልኩት። 22 ቁጥር አወጣ። «ሰፋ ያለ ይሻላል እህቴ፣ ታድግበታለች።»

«ታድግበታለች» ስንባል የማንሸነፍ አለን? እኔ ራሴ የዩኒፎርሜን እጅጌ ሦስት ጊዜ ጠቅልዬ የተማርኩ ሰው ነኝ። ገዛሁት። 1,800 ብር። ሶሉ ወፍራም፣ ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚይዝ ቦት ቢጤ። ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ።

ቤት ገብቼ ሳደርግላት ደርቃ ቀረች። ጫማውን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ጎርፍ እንደሚሻገር ሰው አንዱን እግሯን ወደ ላይ አነሳችና በፊቷ ተደፋች። ከንፈሯ ደማ። ለሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሆነ፤ ጫማውን ሳወልቅላት ድክ ድክ ትላለች፣ ሳደርግላት ተመልሳ ትድሃለች። እማዬ «ገና እግሯ አልጠናም» አለች። ባለቤቴ «ስንፍናው በእናቷ ነው» አለ። ለእሱ መልስ አልሰጠሁም፣ ደም ያየሁት እኔ ነኝ።

የነቃሁት ለ15 ወር የኩፍኝ ክትባቷ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነው። ነርሷ መርፌውን ወግታት ስታበቃ ጫማውን አየችው።

«እናት፣ ይሄ ጫማ የማን ነው?»

«የሷ።»

«የታላቅ እህቷ መስሎኝ።»

አወለቀችውና በሁለት እጇ ልታጥፈው ሞከረች። አልታጠፈም። «እኔን ካቃተኝ እሷ እንዴት አድርጋ ታጥፈው?» አለችኝ። ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ጊዜ ሰጥታ አስረዳችኝ። ሕፃን መሄድ ሲማር በጣቶቹ መሬቱን እየቆነጠጠ ነው፤ ቤት ውስጥ ባዶ እግሯን ብትሆን ይሻላል። ጫማ የሚያስፈልጋት ውጭ ነው፣ ለብርዱና ለጠርሙስ ስባሪው። አጥንቷ ገና አብዛኛው ልም ስለሆነ ጫማ ሲጠባት እግሯ ዝም ብሎ ይጨመቃል፣ አሞኛል አትልም። መስፋቱ ደግሞ እንዳየሁት ነው። ውስጥ እግሯ ጠፍጣፋ መሆኑ ሲያሳስበኝ እንደነበረም ነገርኳት። ሳቀች። «ስብ ነው። ጉድጓዱ በዓመታት ነው የሚወጣው።»

ማታ ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋን። ባለቤቴ ብብቷን ይዞ አቆማት። ቆማ መሆን አለበት፣ ክብደቷ ሲያርፍበት እግሯ ይዘረጋልና። እኔ እስክሪብቶውን ቀጥ አድርጌ በእግሯ ዙሪያ ማስመር ጀመርኩ። ኮረኮራት መሰለኝ ተንከተከተች፣ ጣቶቿን ጠቀለለች፣ ወረቀቱ ተቀደደ። በሦስተኛው ወረቀት ተሳካ። ግራው 11.8 ሳንቲም፣ ቀኙ 12። የሚወሰደው ትልቁ ነው።

በአውሮፓ ቁጥር አንድ ቁጥር የሳንቲም ሁለት ሦስተኛ ነው። በ12ቱ ላይ ለጣቶቿ መንቀሳቀሻ 1.2 ሳንቲም ጨመርኩ። 13.2 መጣ። ይሄ 20 ቁጥር ነው። 22 ማለት 14.7 ገደማ ነው። ልጄ 2.7 ሳንቲም ባዶ ነገር ስትጎትት ነበር የከረመችው። በእኔ 24 ሳንቲም እግር ሳሰላው 44 ቁጥር አጥልቄ እንደመሄድ ነው። የባለቤቴ እንኳ 43 ነው።

እማዬ ግን «ቤት ውስጥ ባዶ እግሯን» የሚለውን ልትሰማው አልፈለገችም። ቆይታ ቆይታ «ባዶ እግር የሚመከረው ጫማ ላለው ሰው ነው» አለች።

እሷ ያደገችው ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። የመጀመሪያ ጫማዋ ኮንጎ ነበር፣ አምስተኛ ክፍል ስትገባ የተገዛላት። እንዳያልቅባት በእጇ ይዛው ትሄድና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ታደርገዋለች። ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያልሰማሁት የአክስቷን ነው። እግሯ አብጦ ሰው ፊት መውጣት አቁማ ነበር። ሰዉ እርግማን ነው ይል ነበር። ዝሆኔው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ መሆኑን፣ ጫማና እግር መታጠብ እንደሚከላከለው እማዬ ያወቀችው አዲስ አበባ ከመጣች በኋላ ነው። የእኔ የሴራሚክ ወለል ቀይ አፈር አይደለም። ግን ይህን አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ያሰመርኩትን በካርቶን ቆርጬ አብረን መርካቶ ወጣን። እማዬ ዓይኗ ያረፈው ሲረግጡት ጢው ጢው በሚለው ላይ ነው። «ወጥ ስሠራ የት እንዳለች እሰማለሁ» አለች። እውነቷን ነው፣ መልስ አጣሁ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ያሉትን ጎረቤቶች አሰብኩና እምቢ አልኩ። እኔ ጫማውን ሁሉ እያጠፍኩ እፈትሻለሁ። ጣቶች ጋ የሚታጠፍ፣ መሀሉ ላይ ግን የማይሰበር፣ ተረከዙ ጠንከር ያለ። ሻጩ ካርቶኔን አይቶ «ጫማ ነው ሱሪ የምታሰፊው?» አለኝ። የያዘው 20 የሚል አንዱ ጫማ ለካርቶኑ ጠበበ፣ ሌላው 20 ልክ ሆነ። ቁጥሩን ብቻ አምኜ ብገዛ ዳግመኛ እከስር ነበር። ቡኒ፣ ለስላሳ ቆዳ፣ በማጣበቂያ የሚዘጋ። 1,200 ብር።

ቦቱን ለጎረቤት ልጅ ልሰጥ ነበር። እማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከታች ሸጎጠችው። ታድግበታለች።

እሑድ ልናቆርባት ስንወስዳት ከታክሲ ወርዳ በራሷ ሄደች። አሥራ አንድ እርምጃ፣ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ አንዲት እርግብ አይታ ቁጭ አለች። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ እማዬ ጎንበስ ብላ አዲሱን ጫማ አወለቀችላት። ሚጣ ምንጣፉ ላይ በባዶ እግሯ ወደ ፊት ነጎደች፣ እኔም ተከትዬ። ዞር ስል እማዬ የራሷን ጫማ በር ላይ ከሌላው ጋር ትታዋለች። የሚጣን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛዋለች።