እማማ ያስቆሙት ወረፋ

ሥራዬ ወረቀት ማደል ነበር፤ ሌላ ምንም። ካርድ እቀበላለሁ፣ የካርዱን ቀለም አያለሁ፣ ከሁለቱ ክምር ከአንዱ አንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት አንስቼ እሰጣለሁ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ዓመታት ሒሳብ ስቀበል ለኖርኩ ሰው ይሄም ሥራ ነው ወይ ብዬ ጠዋት ላይ በልቤ ስቄያለሁ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2017፣ ቦታው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው። ቨርጂኒያ የስቴቱን ምክር ቤት የምትመርጠው በጎዶሎ ዓመት ነው። ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ሰልፉን የሚሞላው የእኛ ሰው ያን ጊዜ ድምፁም አይሰማ፤ እስከ ዋዜማው ድረስ «ምርጫ አለ እንዴ?» የሚለኝ አልጠፋም። እኔም ብሆን የተመዘገብኩት አገር ላገለግል ብዬ አይደለም። የሥራ ባልደረባዬ የቀን አበል አለው ስላለኝ ነው።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ገብተን፣ እጃችንን አንስተን ምለን፣ 12 ሰዓት ሲል በሩ ተከፈተ። የሚዘጋው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ስቴቱ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የንክኪ ስክሪን ማሽኖችን ስላገደ ምርጫው በሁሉም ቦታ በወረቀት ነበር። መራጩ ክቧን በብዕር ያጠቁራል፣ ማሽኑ ወረቀቱን ይውጣል፣ አለቀ።

የእኛ ጣቢያ ግን አንድ ጣጣ ነበረበት። የስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት 100 መቀመጫ አለው፤ ቨርጂኒያም በ100 የምርጫ ክልል ተሸንሽናለች። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች በሰፈራችን መሐል አሳልፈውታል። ከዋናው መንገድ ወዲህ ያሉት አፓርታማዎች አንድ ዲስትሪክት ናቸው፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሌላ። ሁሉም ግን የሚመርጡት እኛው አዳራሽ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ደግሞ መንትያ ናቸው፤ ገዥው፣ ምክትሉ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሁሉም አንድ። የሚለያዩት የምክር ቤቱ ዕጩዎች በሰፈሩባት አንዲት ሣጥንና አናቱ ላይ በደቃቁ በተጻፈው የዲስትሪክት ቁጥር ብቻ ነው። መዝገቡ ጋ ያለችው ልጅ አድራሻ አይታ ወዲህ ላሉት ነጭ፣ ማዶ ላሉት ሰማያዊ ካርድ ትሰጣለች። እኔ ካርዱን ተከትዬ አድላለሁ።

አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ሰው ከሥራ ሲወጣ ወረፋው እስከ ኮሪደሩ ተመዘዘ። ውጭ ብርድና ካፊያ ነው፤ ሰዉ ጃንጥላ ያራግፋል፣ ሰዓት ያያል። የነጩ ካርድ ክምር አለቀብኝ። ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር አዲስ የመቶ ጥቅል አወጣሁ፣ ላስቲኩን በጠስኩ፣ በቦታው አስቀመጥኩና ማደሌን ቀጠልኩ። ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን አላነበብኩም።

እማማን ያወቅኳቸው በነጠላቸው ነው፤ ካፖርታቸው ላይ ደርበውታል። ቀና ሳልል «እንደምን አመሹ እማማ» ስላቸው ፊታቸው በራ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ሄዱ። ወዲያው ደግሞ ተመለሱ።

«ልጄ፣ ይሄ የእኔ አይደለም።»

«የእርስዎ ነው እማማ። ሁሉም ሰው የሚያገኘው ይሄንኑ ነው።»

«ቤቴ ድረስ መጥቶ ያነጋገረኝ ሰውዬ የለበትም። ቡና አጠጥቼዋለሁ እኮ! ወረቀቱንም ትቶልኝ ሄዷል፣ ስሙን አጥንቼዋለሁ።»

በእኛ አገር ቢሆን ምልክት ይፈልጉ ነበር፤ ንብ ነው፣ ጣት ነው እያልን የመረጥን ሰዎች ነን። እዚህ ስም ብቻ ነው ያለው፤ እሳቸውም ፊደል በፊደል ቆጥረው ለቅመውታል። እኔ ግን ከኋላቸው ያለው ሰልፍ አስጨንቆኛል፤ ደግሞም፣ ላለመዋሸት፣ አሮጊት ናቸው፣ ተደናግረው ነው ብያለሁ። «እማማ፣ ደህና አድርገው ይዩት፣ ይኖራል» አልኳቸው። ያውም ያየሁት ወረቀቱን ሳይሆን ወረፋውን ነው።

«አይቼዋለሁ አልኩህ። እስቲ አንተ እየው።»

ይሄን ጊዜ ከፓርቲ ታዛቢዎች አንዱ ከወንበሩ ተነሣ። ወረቀት የሚታደልበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች በማይሰማው ቋንቋ ሲከራከሩ አይቶ ዝም ቢል ነበር የሚገርመው። የጣቢያው አለቃ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ መጣች። «የምትባባሉትን ጮክ ብለህ በእንግሊዝኛ ድገመው፤ ከዚያ ሌላ ምንም እንዳትጨምር» አለችኝ። እየደገምኩ ሳለሁ ነው ዓይኔ አናቱ ላይ ካለው ቁጥር ላይ ያረፈው። የማዶው ዲስትሪክት ወረቀት ነው። እማማ የያዙት ካርድ ነጭ ነው።

አለቃችን አልጮኸችም። ወረፋውን አስቆመች፣ ጥቅሉን አንስታ ጠረጴዛው ላይ በታዛቢዎቹ ፊት ቆጠረችው። 96። አንዱ እማማ እጅ ላይ ነው። ሦስት ቀረ። አንደኛውን ወደ መጋረጃዎቹ ሄዳ አገኘችው፤ የሥራ ጫማ ያደረገ ሰው ገና ክቦቹን እያጠቆረ ነበር፣ ወረቀቱ ተሰርዞ ትክክለኛው ተሰጠው። ሁለቱን ማሽኑ ውጧቸዋል።

«ሰዎቹን ፓርኪንግ ላይ ልደርስባቸው እችላለሁ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ብደርስባቸውስ? ወረቀቱ ላይ ስም የለበትም። ማሽኑ ውስጥ ከገቡት መቶዎች የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ እንዳይታወቅ ተብሎ ነውና የተሠራው። የድምፅ ምስጢራዊነት የሚባለውን ነገር እስከዚያች ሰዓት ድረስ የመራጩ መከታ አድርጌ ብቻ ነበር የማውቀው። ጥፋትንም አብሮ እንደሚሸሽግ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ማታ በሩ ተዘግቶ ሒሳብ ሲተሳሰር የባሰው መጣ። መዝገቡ ላይ የተመዘገበው ሰውና ማሽኑ የቆጠረው ወረቀት ልክ ለልክ ገጠሙ። አንድም ጉድለት የለም። እማማ ዝም ብለው አጥቁረው ቢሄዱ ኖሮ ጥቅሉን እስክጨርስ አድለው ነበር፣ ማታም ድምሩ ልክ መጣ ብለን ተጨባብጠን እንለያይ ነበር። አለቃችን የሆነውን በሙሉ መዝገብ ላይ አሰፈረችና እንድፈርም ብዕር ሰጠችኝ።

በእኛ ሁለት ዲስትሪክቶች ልዩነቱ ሰፊ ስለነበር ሁለት ድምፅ የሚለውጠው ነገር አልነበረም። ይሄን ለራሴ እየደጋገምኩ ተጽናናሁ። እስከ ዲሴምበር።

ዲሴምበር ላይ የ94ኛው ዲስትሪክት ወሬ መጣ፤ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኒውፖርት ኒውስ። ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ በ10 ድምፅ ይመራ ነበር። ዲሴምበር 19 ድጋሚ ሲቆጠር ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ 11,608 ለ11,607 አሸነፈች። በማግሥቱ ሦስት ዳኞች አንድ አወዛጋቢ ወረቀት መረመሩ፤ መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሮ በሴትዮዋ በኩል ጭረት አኑሯል። ለያንሲ ተቆጠረ። 11,608 ለ11,608። ከምርጫው በፊት በሪፐብሊካኖች ብልጫ 66 ለ34 የነበረው ምክር ቤት 51 ለ49 ይሁን ወይስ 50 ለ50 የሚለየው በዚህ አንድ ወንበር ነበር። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ ስማቸው በፎቶ ፊልም ቆርቆሮዎች ውስጥ ተከትቶ፣ ከሙዚየም በመጣ የሸክላ ሳህን ውስጥ ተቀምጦ ዕጣ ወጣ። ያንሲ ደረሰው። በመኪና ማቆሚያው ሬዲዮ ሰምተው ባልደረቦቼ ሳቁ፤ «እቁብ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። እኔ አልሳቅኩም።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን ያኛው አይደለም፣ 28ኛው ዲስትሪክት ነው። ስታፎርድና ፍሬደሪክስበርግ አካባቢ ቢያንስ 147 መራጮች የጎረቤት ዲስትሪክት ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር። ቦብ ቶማስ ጆሹዋ ኮልን የበለጠው በ82 ድምፅ ነው፣ ድጋሚ ሲቆጠር ደግሞ በ73። ከ147 የሚያንስ። ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ዳግም ምርጫ ግን አልታዘዘም። እዚያ የተሳሳተው የመራጮች ምደባ ነው፤ የእኔ ስሕተት የእጅ ነው። ቢሆንም የእነዚያ ሰዎች ወረቀት እንደእኔዎቹ ሁለት ሰዎች ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይመንድስም ኮልም በየዲስትሪክታቸው አሸነፉ። እኔም በዚያ ምርጫ ተመልሼ ነበር፤ አለቃችን መዝገቡ ጋ አስቀመጠችኝ። ረፋድ ላይ እማማ ከልጃቸው ጋር መጡ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ቤተኛ ሆነናል።

«ሙሉ ስምዎንና አድራሻዎን ይንገሩኝ እማማ።»

«ቤቴን አታውቀውም? የፋሲካ ዕለት የማን ዶሮ ነው የበላኸው?»

«አውቀዋለሁ። ይንገሩኝ።»

ገርመም አድርገውኝ የመንገዱን ስም፣ የሕንፃውን ቁጥር፣ የአፓርታማውን ቁጥር አንድ በአንድ ጠሩልኝ። ነጭ ካርድ ሰጠኋቸው። ቀጥሎ ካለው ጠረጴዛ ወረቀታቸውን ተቀበሉ፤ ወደ መጋረጃው ግን አልሄዱም። እዚያው ቆመው መነጽራቸውን ከቦርሳ አወጡና ከአናቱ ቁጥር ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ያዙ። ከኋላ አንድ ሰውዬ ሰዓቱን አየ። ወረቀት የሚያድለው ልጅ፣ አዲስ ነው፣ ምን ላድርግ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

«ተዋቸው፣ ያንብቡ» አልኩት።