ባትሪው ያለቀበት ማሲንቆ

ባሕር ዳር ፋሲሎ አካባቢ አንዲት ክፍል ስቱዲዮ አለችኝ። ግድግዳዋ በስፖንጅና በብርድ ልብስ የተለበጠ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ሙቀቱ ያፍናል። የምተዳደረው በሠርግ ዘፈንና በማስታወቂያ ነው፤ መዝሙርም እቀዳለሁ። ስለዚህ ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንዲት ልጅ ጊታሯን በጀርባዋ አዝላ መጥታ "የሮክ አልበም ልሠራ ነው" ስትለኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ሮክ ሲባል እኛ አገር ሰው ቶሎ የሚያነሳው ጃኖ ባንድን ነው። እሷ ግን ባንድ የላትም፤ ገንዘብ የሚያወጣላት ፕሮዲውሰርም የላትም። የድሮ የካሴት ሽፋን ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ተብሎ ይደረደራል፣ ዘፋኙ መዝፈን ብቻ ነው ሥራው። የእሷ ሽፋን ላይ ግጥሙም ዜማውም ጊታሩም በአንድ ስም ነው። ወጪውም ከደመወዟ በየወሩ እየቀነሰች ያጠራቀመችው ነው። ኢንዲ የሚሉትን ነገር አንድ ወዳጄ "በራስ ኪስ" ብሎ ተርጉሞታል፤ እስካሁን የተሻለ አልሰማሁም።

ሁለተኛ አልበሟ ነው፣ 9 ዘፈን። ለፋሲካ ዋዜማ እንዲወጣ ቆርጣለች። አልበም በዓል ተጠግቶ ካልወጣ ማን ያዳምጠዋል? ዲጂታል አከፋፋዩ ደግሞ ፋይሉን ከ3 ሳምንት በፊት ላኩ ብሏታል።

ስምንቱ ዘፈን ብዙም አላስቸገረንም። የዚህ ወሬ ባለቤት ሰባተኛው ነው።

ሰባተኛው በአምባሰል ቅኝት የተሠራ ነው። አምባሰል ሆን ተብሎ እንዲሻክር ከተደረገ የሮክ ጊታር ድምፅ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ያልሰማ ሰው ብነግረውም አያምነኝም። ዘፈኑ በማሲንቆ ብቻ ይጀምራል፤ ጊታሩና ድምጿ በኋላ በላዩ ይገባሉ። ማሲንቆ የሚመቱልን ጋሼ ናቸው፣ ከ30 ዓመት በላይ በአዝማሪ ቤት የኖሩ ሰው። ጾም ስለነበር ማታ ማታ ሥራ የለም፤ በደስታ እሺ አሉ።

"ስቱዲዮ ውስጥ አልፈልግም፤ ጣና ዳር ይቀዳልኝ" አለች። እኔ ቅር አለኝ። ነፋስ ማይክ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የሚያጸዳው ሰው ነው። ግን ከፋይዋ እሷ ናት፤ ትንሿን የእጅ መቅጃ ይዤ ሄድኩ። አንድ ቪዲዮ የሚያነሳ ጓደኛዋም ካሜራውን ይዞ መጣ።

ከማለዳው 12 ሰዓት። ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ብሏል፤ ከደንገሉ ወዲያ አንድ ታንኳ እንጨት ተሸክማ ታዘግማለች። ጋሼ ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፣ ደጋኑን ዕጣን አስነኩት፣ መቃኛዋን ሁለቴ ጠምዘዝ አደረጓት። ጆሯቸውን ወደ ማሲንቆዋ አንገት ጠጋ አድርገው አንዴ ሳብ አደረጉና "ትሁን" አሉ። ከዚያ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሳያቋርጡ መቱ። መጨረሻው ላይ ከኋላችን አንድ ባጃጅ አለፈ፤ በሆዴ ረገምኩት። ድጋሚ እንቅዳ ስል ልጅቱ እጇን አወናጨፈችብኝ። "አይነካም!"

አልነካነውም። ማለትም እኔ ስቱዲዮ ገብቼ ነካሁት፣ ሳላውቅ።

ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለካል። በሲዲ ዘመን ልኩ 44,100 ሆኖ ተወሰነ፤ ከቪዲዮ ጋር የሚሠሩት ደግሞ በ48,000 ይሠራሉ። ሁለቱም ለሰው ጆሮ በቂ ናቸው፤ ጣጣው ሳይቀየሩ ሲቀላቀሉ ነው። በ48,000 የተለካውን በ44,100 ስታጫውተው ድምፁ ይንቀራፈፋል፣ ይወፍራልም። በቴፕ ዘመን ያደገ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ባትሪ ሲያልቅ ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው የሚጎተተው፣ እኛም ባትሪውን አውጥተን ፀሐይ ላይ የምናሰጣው። ልክ ያው ነው። የአልበሙ ፕሮጀክት የተከፈተው በ44,100 ነበር፣ መቅጃዋ ደግሞ 48,000 ላይ ነበረች። ፋይሉን ሳስገባ ፕሮግራሙ "ልቀይረው ወይ?" ብሎ ጠይቆኛል። ሳላነብ ዘግቼው አለፍኩ። በቀን ሃምሳ ጊዜ እንዲህ ይጠይቀኛል።

ልጅቱ ስትሰማው አበደች። "ቼሎ ሆነ እኮ! ጣና ነው እንዲህ ያደረገው!" ቼሎ ድምፀ ወፍራሙ የፈረንጅ ማሲንቆ ነው በሉት። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ እንዲያውም ስለ ማይኩ አቀማመጤ ትንሽ ተኩራርቻለሁ፣ አልዋሽም።

ምልክቱ ግን ሞልቶ ነበር። መጨረሻ ላይ የምታልፈዋ ባጃጅ አይሱዙ መስላለች፤ ሳቅንና ቆርጠን ጣልናት። ልጅቱ ጊታሯን ከማሲንቆው ጋር ልታስማማ ስትል የመቃኛው መርፌ ከሁለት ኖታ መሀል ገትሮ ቆመ። "ጋሼ እኮ የሚቃኙት በጆሯቸው ነው፣ በመሣሪያ አይደለም" አልኳት። እውነትም ነው፤ ስለዚህ ጊታሩን ወደ ማሲንቆው አወረድነው። ቅኝቱስ ቢሆን የት አባቱ ያጋልጠኝ? ድምፅ ሁሉ እኩል ሲወርድ በኖታዎቹ መሀል ያለው ርቀት አይነቃነቅም፤ አምባሰል ቢዘቅጥም አምባሰል ነው። በዚህ ላይ ቤዝ ገባ፣ ድምጿ ገባ፣ ከበሮ ገባ። ሦስት ሳምንት ሙሉ።

በመሀሉ ጋሼ ቀሪ ሒሳባቸውን ሊወስዱ መጡ። ደስ ይበላቸው ብዬ ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቅሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ሳያልቅ አወለቁት።

"ይኸ እኔ አይደለሁም።"

"እንዴት ጋሼ! የዚያን ቀን ጠዋት እኮ ነው።"

"ማሲንቆዋ የኔን ትመስላለች። እጁ ግን የኔ አይደለም። ይኸ ሰውዬ ታሞ የተነሣ ነው፤ ደጋኑ ከብዶታል።"

እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ምን ያላስረዳሁት አለ! ጆሮ ማዳመጫ ድምፅን እንዴት እንደሚያቀርብ፣ ድምፅ ሲስተካከል እንዴት እንደሚወፍር፣ ሰው የራሱን ድምፅ ተቀድቶ ሲሰማው እንግዳ እንደሚሆንበት። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሞገድ ሁሉ በጣቴ እያሳየሁ። ጋሼ ጨዋ ናቸው፤ አዳምጠውኝ ሲያበቁ "እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" ብለው ብራቸውን ተቀብለው ወጡ። ይህች አባባል ከሽማግሌ አፍ ስትወጣ መስማማት እንዳልሆነች ማንም ያውቃል። እኔ ግን እንደ ይሁንታ ወሰድኳት። ከስህተቱ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ማብራሪያዬ ነው።

ነገሩን ያወጣው ቪዲዮው ነው። ፋይሉ ሊላክ አምስት ቀን ሲቀረው ቪዲዮ አንሺው ላፕቶፑን ይዞ መጣ። "ምስሉና ድምፁ አልገጥም አለኝ" አለ። መጀመሪያው ላይ ደጋንና ድምፅ አብረው ይነሣሉ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጋሼ ደጋኑን ጭናቸው ላይ አሳርፈዋል፣ በጋቢያቸው ጫፍ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ፣ ከፔርሙዝ የተቀዳ ሻይ ይቀበላሉ፣ ፉት ይላሉ፤ ማሲንቆው ግን ገና እየተመታ ነው! 18 ሰከንድ ያህል ይጫወታል። ቪዲዮ አንሺው በሳቅ ወደቀ። እኔ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ቁጭ አለ። የፋይሉን መረጃ ከፍቼ 48,000 የሚለውን አየሁት።

ለአሥር ደቂቃ ያህል "የመቅጃው ችግር ነው" ልበላት ወይ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ዝም አለች፤ ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" ሁሉ አልኩ።

"ታዲያ አንድ ወር ሊሞላ የሌለ ዘፈን ነው የዘፈንኩት?"

ሁሉንም አንድ ላይ ማፍጠን እንዳይቻል ድምጿ ይቀጥናል፣ የሌላ ሰው ይሆናል። ማሲንቆውን ብቻ በፕሮግራም ወደ ልኩ መልሶ ከጊታሩ ጋር ማስማማት እንዳይባል ጊታሩ የተቃኘው ለተሳሳተው ነው። የቀረው ወይ ሁሉንም እንደ አዲስ መቅዳት፣ ወይ እንዳለ መልቀቅ ነው። ትክክለኛውን ፍጥነት ባሰማኋት ጊዜ ደግሞ ፊቷን አጨማደደች። "ተጣደፈ። ያኛው ይሻላል።" ጆሮዋ ለምዶታል። እውነቱን ለመናገር የኔም ለምዶት ነበር፤ እንዳለ ይለቀቅ ብትል ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሼን እንጠይቅ አለች። አብረን ሄድን። ሁለቱንም በስልክ ከፈተችላቸው። የመጀመሪያውን ሲሰሙ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መራመድ ጀመረ፤ ሁለተኛው ሲከፈት ቆመ።

"ልጄ፣ ዘፈኑ ያንቺ ነው፤ የወደድሽውን አድርጊ። ይኸኛውን ካወጣሽ ግን ስሜን ከላዩ አንሺልኝ። ሰው ይሰማና አረጀ ይለኛል።"

ወደ እኔ ዞር ብለው ምንም አላሉም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አራት ሌሊት ሠራን። ቀን ቀን እሷ መሥሪያ ቤት ናት፣ ሌሊት ደግሞ መብራት አንዴ ይመጣል አንዴ ይሄዳል፤ ጄኔሬተሩ ድምፁ እንዳይገባብን ጎረቤት ግቢ አስቀምጠን ረጅም ገመድ ዘረጋን። ቤንዚኑን፣ የጊታር ክሩን፣ ቤዝ የሚመታውን ልጅ የሌሊት አበል የቻልኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ስንኝ ስትዘፍነው ጉሮሮዋ ሰልሏል፤ በአዲሱ ከፍታ ላይ ድምጿ ሊበጠስ ሲል ትያዛለች። ያቺን ቦታ አላስተካከልኳትም። ፋይሉ በቀኑ ተላከ፤ አልበሙም ለፋሲካ ዋዜማ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ከእሷ ስም ሌላ የጋሼ ስም ብቻ ነው ያለው፣ ማሲንቆ ተብሎ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አመጣሁ፤ መቅዳት ከመጀመሬ በፊት ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ። እብድ ሳያስመስለኝ አይቀርም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ጋሼ ለአንድ የሠርግ ዘፈን መጥተው ማይኩ ፊት ተቀመጡ። ዋጋ ገና አልተነጋገርንም። እኔ እንደ ልማዴ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ "አርባ ስምንት ሺህ!" አልኩ።

ጋሼ ደጋናቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ምን አልከኝ?"

"የምንቀዳበት ነው ጋሼ። ዛሬ በአርባ ስምንት ሺህ ነው የምንቀዳው።"

"እሰይ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ" አሉና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። "በል እንግዲያው ግማሹን አሁን አምጣ።"