ካፒቴኑ ሚዛን ላይ

ሥራዬ መመዘን ነበር። ለገጣፎ ዳር ባለው የሚስዮን ግቢ፣ ከመጋዘኑ በር አጠገብ፣ አንድ የወለል ሚዛን ነበረን። በረራ ሲኖር ዋዜማውን የተሳፋሪውንም የዕቃውንም ኪሎ ወረቀት ላይ እሞላለሁ። ጠዋት መኪናው ሁሉንም ጭኖ ቦሌ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የካፒቴኑ ሥራ ነው።

ካፒቴኑ ካናዳዊ ነው። ካራቫን የምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ያበራል። በክረምት መኪና ወደማይዘልቅበት ገጠር ሐኪም፣ መድኃኒትና በሽተኛ ያመላልሳል። ደመወዙን አገሩ ያሉ ምዕመናን ናቸው አዋጥተው የሚልኩለት። ይህን ሲያጫውተኝ «እንደ ዕቁብ ነዋ!» አልኩት። ዕጣው ሁልጊዜ ለእሱ የሚወጣ ዕቁብ።

ሲመጣ ያልከበደው ነገር አልነበረም። ውሃ በፈረቃ ነው። መብራቱ ሲሄድ አይናገር። ሰዓቱማ ጉድ ነው። እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስንል ለእሱ ዘጠኝ ነው፤ በረራ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ስድስት ብሎ ይጽፈዋል፣ አብራሪዎች በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚሠሩ። ሦስት ሰዓት በአንድ ጭንቅላት ተሸክሞ የሚዞር ሰው አለመሳሳቱ ነው የሚገርመኝ።

አማርኛው ግን ቶሎ ተፈታ። አስተማሪው «አንተ» ማለት ነውር ነው ብሎ አስፈራርቶት መሰለኝ፣ ሁሉንም በአንቱታ ነበር የሚያናግረው። ለግቢያችን ውሻ ሳይቀር «እባክዎ ይውጡ» ይል ነበር።

ሚስቱ ደግሞ ከሽንብራ ጋር ተጣላች። ቀኑን ሙሉ ብትቀቅለው አልበስል አላት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ አይሞቅም። አከራያቸው «ከዋዜማው ንከሪው» ብላ ገላገለቻት። ካፒቴኑ ግን ነገሩን ለእኔ ማስተማሪያ አደረገው። ስስ አየር ክንፉንም ሞተሩንም ያደክማል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ቢሆንም ማኮብኮቢያው ረጅም ነው፣ ይሸፍንልናል። ገጠር ያለው ግን ሣር ታጭዶለት፣ ከብት ተባሮለት የሚታረፍበት አጭር ሜዳ ነው። እዚያ ኪሎ ቀልድ አይደለም።

ማታ ማታ ደብተር ይዞ ቃል ይጠይቀኝ ነበር። አንዱ ቀን «ይሉኝታ» ላይ ደረስን። በእንግሊዝኛ ፈለግን፣ አጣን። በምሳሌ ሳስረዳው አመሸሁ። ጻፈው፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

በሳምንቱ ነው ጉዱ የመጣው። በማግስቱ የሚበሩ ሦስት ተሳፋሪዎች ግቢ አድረው ነበር። አንዱ ዓይናቸውን ታክመው የሚመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ሚዛኑን ሳሳያቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ምን በደልኩና ነው እንደ በርበሬ የምመዘነው?» አሉኝ። አባቴን ነው የሚያክሉት። አፈርኩ። «ይተውት አባቴ፣ በዓይን ይበቃል» ብዬ 60 ጻፍኩ። እሳቸውን ትቼ ሌሎቹን መመዘን ደግሞ ደስ አላለኝም። ሕፃን የታቀፈችውን 50፣ ወጣቱን የጤና ባለሙያ 70 አልኩ። የሽማግሌውንም ጆንያ አነሳ አድርጌ 20 ሞላሁ። እጄ ሚዛን ነው ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ እኮ!

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካፒቴኑ ወረቀቱን አየ። አየና ዝም አለ።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው በዜሮ ያልቃል?»

መልስ አልነበረኝም። አንገቴን ደፍቼ «ይሉኝታ ይዞኝ ነው» አልኩት። አልተቆጣም። የአውሮፕላኗን ፎቶ ከመጋዘኑ ግድግዳ ላይ አሳየኝና፣ «እሳቸው ይሉኝታ የላቸውም» አለኝ። አውሮፕላኗንም አንቱ ማለቱ ነው።

እንደ አዲስ መመዘን ተጀመረ። ሽማግሌው ፈንጠር ብለው ቆመው ቆዩና፣ «ነጂውስ? እሱ አይመዘንም?» አሉ። የሱ ኪሎ ወረቀቱ ላይ 78 ተብሎ ታትሟል። አገራችን ሲገባ የተመዘነው ነው፣ ስምንት ወር ሆኖታል። ካፒቴኑ ሳቀ፣ ጫማውን እንዳደረገ ወጣ። 86! ራሱ ማመን አቅቶት ወርዶ ደግሞ ወጣ። ስምንት ወር ሙሉ አከራዩ በጉርሻ፣ ጎረቤቱ በየዝክሩና በየበዓሉ ሲቀልቡት ከርመዋል፤ እሱ ደግሞ «በቃኝ» ማለት ነውር እየመሰለው ሲጎርስ። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። በገዛ እግራቸው ሚዛኑ ላይ ወጡ። ከነጋቢያቸው 67።

እናቲቱ ከነልጇ 63፣ ወጣቱ 76፣ ጆንያው 27 ሆነ። የካፒቴኑ ስምንት ሲጨመር፣ ከወረቀቱ 41 ኪሎ በለጥን። የአውሮፕላን ነዳጅ አንድ ሊትሩ 0.8 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ፣ ይህ ከ50 ሊትር በላይ ነዳጅ ማለት ነው። ሩብ ሰዓት ገደማ ያበራል። ነዳጁን እንዳንቀንስ መንገዱ ሩቅ ነው። ሰው አይቀር። ስለዚህ ዕቃ ወረደ። አንድ ካርቶን ሚስማር፣ 25 ኪሎ። ሌላው 19 ኪሎ የሚመዝን የዘይት ጀሪካን ነበር። እሱን እንኳን የላክሁት እኔው ነኝ፣ እዚያ ላለች እህቴ።

ለእህቴ ደውዬ «ዘይቱ በሚቀጥለው በረራ ነው» ስላት «ለምን?» አለች። ምን ልበላት?

በዚያው ሳምንት እሁድ ካፒቴኑ ቤት ቡና ጠጣን። አከራዩ እንደ ልማዷ ዶሮ ወጥ ይዛ ወጣች፤ ጠቅልላ ጉርሻውን ወደ አፉ ስትልክ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «ይቅርታ፣ አሥር ሊትር ነዳጅ ጨምሬያለሁ» አላት።

«ምን ይላል ይሄ ሰውዬ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ከብዶኛል ነው የሚለው» አልኳት።

«ወግድ! የሚበር ሰው ካልበላ ነፋስ ይወስደዋል» ብላ እጁን አንስታ አጎረሰችው።