ከአዳም ያልተወለደ

ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ምክንያቱ ይቅር። እንዲህ ባለ ቀን ሐሳቤ አጠገቡ ያለውን ትቶ ወዲያ ማዶ መሄድ ይወዳል፤ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ከመሬት ወጥቶ አረፈው።

ጥፋቱ የአንዲት አባባል ነው፦ «መላእክት አሉ ብሎ የሚያምን ክርስቲያን፣ ኤሊየን (የሌላ ዓለም ፍጡር) ቢገኝ ምን ይደንቀዋል?» ብዙ ሰው ይላታል፤ ስትሰማም ታሳርፋለች። እውነት ነው፤ ሰው ያልሆነ ነገር ግን አእምሮና ፈቃድ ያለው ፍጡር ለክርስትና አዲስ ወሬ አይደለም። ግን እስቲ እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ከመላእክት ወገን የወደቁት አልተቤዡም። ዕብራውያን 2፥16 ክርስቶስ የያዘው የአብርሃምን ዘር እንጂ የመላእክትን እንዳልሆነ ሳያድበሰብስ ይናገራል። ታዲያ መላእክትን ምሳሌ ካደረግን፣ በሌላ ፕላኔት የበደለ ፍጡር ዕጣው ከማን ጋር ነው? ከአዳም ወይስ ከሳጥናኤል? ማጽናኛ ብለን ያመጣነው ነገር ጉዳዩን አባሰው እንጂ አላቀለለውም።

ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ክርስቶስ የሰው አእምሮ አልነሣም ይል የነበረውን አቡሊናርዮስን ሲሞግት፣ ክርስቶስ ያልተዋሐደው አልዳነም የሚል መለኪያ አስቀመጠ። ለሰው ልጅ ይህ ትልቅ ደስታ ነው፤ ነፍሳችንም ሥጋችንም አንድ ሳይቀር ተነሥቶልናል ማለት ነው። ከአዳም ላልተወለደ ግን ያው መለኪያ በር ይዘጋል። በሌላ በኩል ቆላስይስ 1፥20 በመስቀሉ ደም በምድርም በሰማይም ያለው ሁሉ እንደታረቀ ይናገራል። «ሁሉ» ከተባለ ደግሞ ማንን እናስቀር?

ጥያቄው የቴሌስኮፕ ዘመን ፈጠራ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1277 የፓሪሱ ጳጳስ ኤትየን ታምፒዬ 219 አንቀጾችን ሲያወግዝ፣ እግዚአብሔር ብዙ ዓለማትን ሊፈጥር አይችልም የሚለው አንዱ ነበር። ያው በዚያው ክፍለ ዘመን የካቶሊኩ የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኳይናስ፣ የወልድ ኃይል በአንድ የተፈጠረ ባሕርይ ስለማይወሰን ሌላም ሊዋሐድ ይችላል ብሎ ነበር። በ1463 የሞተው የፍራንሲስካን ማኅበር መነኩሴ ጊዮም ደ ቮሪዮን ደግሞ ነገሩን ቀጥታ ጠየቀው፦ ክርስቶስ በዚህ ምድር የሞተው ሞት ሌላ ዓለም ያሉትን ያድናል? መልሱ አዎ ነው፤ ዓለማቱ ቁጥር ባይኖራቸውም ያድናል፤ ወደዚያ ሄዶ ዳግመኛ መሞት ግን አይገባውም። ክርስትናን ይተች የነበረው ጸሐፊ ቶማስ ፔይን በ1794 የቀለደው በዚሁ ላይ ነው፤ የእግዚአብሔር ልጅ ከዓለም ዓለም እየተዘዋወረ ሲሞት ብቻ ሊኖር ነው ወይ አለ። ቀልዱ ይቆጠቁጣል፤ ግን ቮሪዮን ከ300 ዓመት በፊት በሩን ዘግቶበት ነበር።

እኔም ወደ ቮሪዮን አደላለሁ። የሚቀረው የወሬው ጉዳይ ነው፤ እንዴት ይሰማሉ? ከብርሃን የሚፈጥን መልእክተኛ የለም፤ የእኛ ጋላክሲ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት (አንዱ፣ ብርሃን በዓመት የሚሄደው ርቀት ነው) ገደማ ነው። 2,000 የብርሃን ዓመት ርቆ ያለ ሰው፣ አይሆንም እንጂ፣ እኛን የሚያሳይ ቴሌስኮፕ ቢኖረው ዛሬ የሚያየው የሐዋርያትን ዘመን ነው። የአፖሎ 8 ጠፈርተኞች በ1968 የገና ዋዜማ ጨረቃን እየዞሩ ኦሪት ዘፍጥረትን በሬዲዮ አንብበዋል። ያ ድምፅ ገና 60 የብርሃን ዓመት አልሞላም፤ እየራቀ ሲሄድም ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ እልፍ አእላፍ ትውልድ ሳይሰማ ይሞታል።

ግን አብርሃምስ ሳይሰማ አልሞተም እንዴ? እዚህ ላይ መልሱ አፍንጫችን ስር ነው ያለው፤ ለምን እንደማይነሣ አይገባኝም። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥19 በወኅኒ ለነበሩ ነፍሳት ሰበከላቸው ይላል፤ ወደ ሲኦል መውረዱም ትውፊቱ የቆመበት ነው። አስቀድመው ለሞቱት መንገድ ከተገኘ፣ ርቀው ለሞቱት የማይገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

እሺ፣ ይህ የሞቱት ነው። በሕይወት ያለው መጥቶ «አጥምቁኝ» ቢልስ? የቫቲካኑ የሥነ ፈለክ ሰው ጋይ ኮንሶልማኞ ተጠይቆ፣ ራሱ ከጠየቀ አዎ ብሏል። ጥሩ መልስ ነው፤ ግን በምን? ለምሳሌ ያህል የሳተርን ጨረቃ ታይታንን እንውሰድ (አእምሮ ያለው ነገር አለበት ያለ የለም)። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ነው፤ ሐይቆቹ እኛ ዘንድ ጋዝ የሆኑት ሚቴንና ኢቴን ናቸው፤ ውኃ እዚያ እንደ ዓለት የጠጠረ በረዶ ነው። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ መመሪያ ወራጅ ውኃ ይመርጣል፤ ከሌለ ሌላ ውኃ፣ ቀዝቃዛ ካልሆነ የሞቀ፣ ሁለቱም ከታጡ በራስ ላይ ሦስት ጊዜ ማፍሰስ። ለታይታኑ ሰውዬ ግን በረዶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ውኃ እንኳ ከሚኖርበት አየር በ179 ዲግሪ ይበልጣል። እኛን 200 ዲግሪ በሚደርስ ነገር እንደመንከር ነው፤ አንዴ ሲፈስበት ያልቅለታል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለሬሳ ነው።

ውኃ ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል፣ አሞንያ፣ ቢቀላቀልበት? ሲሶ ያህል ሲገባበት ውኃው እስከ ዜሮ በታች 97 ገደማ ሳይረጋ ይቆያል። አሁንም ለእሱ እሳት ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ ሲሶው አሞንያ የሆነ ነገር ውኃ ይባላል ወይስ ጥምቀቱ አልተፈጸመም? የንስሐ አባቴን በዚህ ሰዓት ቀስቅሼ ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ። ብቻ «ለማን ነው ልጄ?» ቢሉኝ ማን ልል ነው?